ባህር ዳር ላይ ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት የሰው እግር እንዴት ትቆጥራላችሁ

ደላላው "ይሄ ቦታ እኮ ሙሉ ቀን እግር አይጠፋበትም" ሲላችሁ ላይዋሽ ይችላል፣ እውነትም ሰው ያልፋል። ግን ማለፉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ወደ መናኸሪያ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰውና አመሻሽ ላይ ከጓደኛው ጋ እያወራ ወደ ሀይቁ የሚወርድ ሰው ሁለቱም አላፊ ናቸው፣ አንዱ ግን በራችሁን አያየውም፣ ሌላው ትንሽ የሚስበው ነገር ካገኘ ይቆማል። ስለዚህ መታወቅ ያለበት ስንት ሰው አለፈ ብቻ ሳይሆን የት ጋ እግሩን ቀነስ አደረገ፣ ወዴት እየሄደ ነው፣ በስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ይሄን ለማወቅ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክና ትዕግስት ይበቃል። ካሜራ ምናምን አያስፈልግም።

ይሄን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ሰው የስድስት ወር ወይ የአመት ኪራይ ቅድሚያ ከፍሎ፣ መደርደሪያ አሰርቶ፣ ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሰው ለምን እንደማይገባ መጠየቅ የሚጀምረው። ጥያቄው ከውሉ በፊት መምጣት አለበት፣ የአንድ ሳምንት ቁጠራ ደሞ ከአንድ ወር ኪራይ በጣም ይረክሳል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ዋይት የሚባል ሰው ከ1970 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አደባባይና የእግረኛ መንገድ ላይ ሰው የት እንደሚቆም የት እንደሚቀመጥ እያየና እየቀረጸ ሲመዘግብ ነበር፣ ኮፐንሀገን ላይ ደሞ ያን ጌል ከ1960ዎቹ ጀምሮ እግረኛ ሲቆጥርና ሲያጠና ኖሯል። የሱቅ ውስጡን ነገር ፓኮ አንደርሂል ሰርቶታል። እነሱ የተጠቀሙበት ዋናው መሳሪያ አይናቸው ነው፣ እኛም ጋ በደንብ ይሰራል፣ የኛ ከተማ የራሱ ሰዓትና የራሱ በዓል ስላለው ብቻ ማስተካከል ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ ምን እንደምትሸጡ ወስኑ

ሳትወስኑ ከወጣችሁ ሁሉንም ነገር ትቆጥሩና ምንም አይገባችሁም። ዳቦና አትክልት ከሆነ የምትፈልጉት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። ፎቶኮፒና ፕሪንት ከሆነ ወደ ቢሮ ወይ ወደ ግቢ የሚሄድ ሰው ነው። ጁስ ቤት ከሆነ የጠማውና ጊዜ ያለው ሰው ነው። አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፣ "እኔ የምፈልገው ሰው እንዲህ አይነት ነው፣ በዚህ ሰዓት ነው የሚመጣው" ብላችሁ። ከዛ ቁጠራው ያንን ያረጋግጥ ወይ ያፍርስ።

2. ቦታውን በእጃችሁ ሳሉት

ጎግል ማፕ ላይ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ፕሪንት ማውጣት ትችላላችሁ፣ ግን በእጅ የተሳለው ይሻላል፣ ምክንያቱም ማፑ ላይ የማይታዩትን ነገሮች እናንተ ታስገባላችሁ። በሩ፣ አስፋልቱ፣ የእግረኛው መንገድ፣ ክፍት ዲች ካለ፣ የመብራት ፖል፣ ዘንባባው፣ ባጃጅ የሚቆምበት፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ያለችበት፣ ሊስትሮ የተቀመጠበት፣ ጥላ ያለበት። ስፋቱን በእርምጃ ለኩት። የእግረኛ መንገዱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆንና ግማሹን በርጩማና እቃ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ደሞ ግድግዳ ታኮ አይሄድም፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚራመደው፣ ስለዚህ በትክክል የሚኬድበት አንድ ሜትር ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄ ቁጥር ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ሳር ወይ አፈር ባለበት ቦታ ደሞ የተረገጠውን መስመር ፈልጉ። ሰው ኮብሉን ትቶ በሳሩ መሀል ቀጭን መንገድ ካወጣ እሱ ነው እውነተኛው መንገድ። ካርታችሁ ላይ ደመቅ አድርጋችሁ አስምሩት።

3. ቀንና ሰዓት መምረጥ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው)

ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ አይቶ "ጭንቅንቅ ነው" ብሎ ውል የሚፈርም ሰው አለ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ከየገጠሩም ይገባል፣ ከገበያው መውጫ ላይ ያለ ቦታ ቅዳሜ የሚያሳያችሁ ፊትና ማክሰኞ የሚያሳያችሁ ፊት አይገናኙም። ቢያንስ አንድ ተራ የስራ ቀን (ማክሰኞ ወይ ሀሙስ ጥሩ ነው)፣ ቅዳሜና እሁድ መቆጠር አለባቸው። አርብን ለብቻው እዩት፣ የምሳ እረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነና የጁምዓ ሰላትም ስላለ የቀትሩ እንቅስቃሴ ከሌላው ቀን ይለያል።

የቀኑ ሰዓት ደሞ በቢሮና በትምህርት ቤት ነው የሚገዛው። 2:30 ቢሮ ይገባል፣ 6:30 ለምሳ ይወጣል፣ 7:30 ይመለሳል፣ 11:30 ይለቀቃል። ከነዚህ ሰዓቶች ግማሽ ሰዓት በፊትና በኋላ መንገዱ ይሞላል፣ መሀሉ ላይ ይሳሳል። 4 ሰዓት ላይ ብቻ ሄዶ የቆጠረ ሰው ቦታውን ያለበደሉ ይጥለዋል፣ 11:30 ላይ ብቻ የቆጠረ ደሞ ያለአቅሙ ይሰቅለዋል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት በየሰዓቱ አስር አስር ደቂቃ ብትቆጥሩ በቂ ነው፣ ቀሪው ሃምሳ ደቂቃ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ስራ መስራት ትችላላችሁ።

አሁን ደሞ የኛው ካሌንደር። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ነው፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ዙሪያ የዛን ቀን የምትቆጥሩት ቁጥር ሙሉ ወሩን አይወክልም፣ በ12 ሚካኤል ደጅ፣ በ16 ኪዳነምህረት ደጅ እንደዛው። ጧፍና ሻማ ነጠላ የምትሸጡ ከሆነ ግን ዋና ቀናችሁ እሱ ነው፣ ያኔ በተቃራኒው እሱን ቀን ሳታዩ መወሰን የለባችሁም። ደሞዝ የሚወጣበት ሰሞንና ወሩ አጋማሽ ላይ ያለው ሰው ቁጥሩ ቢመሳሰልም እጁ ላይ የሚይዘው ፌስታል ይለያያል። በሁዳዴ 55 ቀን ስጋ ቤት በር ላይ የሚቆጠር ነገር የለም፣ ማኪያቶም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ካፌ ልትከፍቱ አስባችሁ በጾም ብቻ ከቆጠራችሁ ወይም በፋሲካ ማግስት ብቻ ከቆጠራችሁ ሁለቱም ያሳስታችኋል። ፔዳና ፖሊ (የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች) አካባቢ የምትከራዩ ከሆነ ተማሪው ግቢ ውስጥ ያለበት ወርና የሌለበት ወር ሁለት የተለያየ ሰፈር ነው፣ በክረምት ተማሪ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ አንድ ጊዜ እዩ፣ ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ጎረቤት ሱቆችን በክረምት እንዴት እንደሚውሉ ጠይቁ።

መንገድ ተዘግቶ፣ ባጃጅ ቆሞ ወይ ከተማው ባልተረጋጋበት ቀን አትቁጠሩ። ከቆጠራችሁም ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ ከሌላው ጋር አትደባልቁት።

4. መስመር አስምሮ መቁጠር

ከሱቁ በር ጠርዝ እስከ አስፋልቱ ድረስ በሃሳባችሁ አንድ መስመር አስምሩ፣ ለምሳሌ ከበሩ ቋሚ እስከ መብራት ፖሉ። ያንን መስመር የተሻገረ ሰው ሁሉ ይቆጠራል፣ ያልተሻገረ አይቆጠርም፣ በቃ። ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ሁለት ነው። የታዘለ ህፃን አይቆጠርም፣ እሱን መጀመሪያውኑ ወስኑና እስከመጨረሻው በዛው ቀጥሉ፣ ህጉን መሀል ላይ ከቀየራችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ወረቀቱ ላይ ሁለት አምድ ብቻ ይኑር፣ ወደዚህ የሚሄድና ወደዛ የሚሄድ። አራት ጭረት አምስተኛውን አግድም፣ እንደ እቁብ ጸሀፊ። ሴት ወንድ፣ ተማሪ ሰራተኛ፣ እቃ የያዘ ያልያዘ የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ አትሞክሩ፣ አይን ይደክማል፣ ግማሹ ያመልጣል። በአንዱ አስር ደቂቃ አቅጣጫ ብቻ፣ በሚቀጥለው ሰዓት አቅጣጫና እጁ ላይ እቃ መኖር አለመኖሩ እያላችሁ አቀያይሩት። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ አይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል "ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲያ" እያለ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ።

የአስር ደቂቃውን በስድስት ስታባዙት የሰዓቱ ግምት ይመጣል። 38 ሰው ከሆነ 228 ማለት ነው። በአስር ደቂቃ አምስት ስድስት ሰው ብቻ የሚያልፍበት ውስጥ ለውስጥ ኮብል ከሆነ ግን ማባዛቱ አያስተማምንም፣ አንድ ቤተሰብ ቢያልፍ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ እንደዛ አይነት ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ወይ ሙሉ ሰዓት ቁጠሩ።

ብስክሌትን ለብቻ። ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ነጂ ብዙ ነው፣ ከእግረኛ ጋ ከደባለቃችሁት ግን ስሌቱ ይበላሻል፣ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው መስታወት እያየ አይሄድም። የሚቆመው ብስክሌቱን አይኑ ስር የሚያቆምበት ቦታ ካለ ነው፣ በራችሁ ላይ ሁለት ብስክሌት የሚደገፍበት ብረት መትከል ይቻል እንደሆነ ከአሁኑ እዩ።

5. ፍጥነቱን ለኩ

ይሄን ማንም አይሰራውም፣ ለኔ ግን ከቁጥሩ እኩል ነው። በሱቁ ፊት ለፊት አስር ሜትር ለኩና በሁለቱ ጫፍ ምልክት ያዙ (ፖል፣ ዛፍ፣ የግንብ ጠርዝ)። ሃያ ሰላሳ ሰው ሳትመርጡ ውሰዱ፣ ለምሳሌ በየአምስተኛው የሚያልፈውን፣ ከምልክት ወደ ምልክት ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት በስልካችሁ ስቶፕዎች ያዙ። ሰባት ስምንት ሰከንድ መደበኛ የሰው እርምጃ ነው። ስድስት ከሆነ ቸኩሏል። ከአስር በላይ ከሆነ እየተንሸራሸረ ነው።

አሁን አስቡት፣ በመደበኛ እርምጃ የሚሄድ ሰው አራት ሜትር ስፋት ያለውን የሱቃችሁን ፊት በሶስት ሰከንድ ያልፈዋል። በሶስት ሰከንድ ውስጥ አንገቱን አዙሮ ታፔላ አንብቦ ሊገባ አይችልም። ለዛ ነው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ታፔላ ለማዶው ሰው እንጂ ከፊቱ ለሚያልፈው የማይታየው፣ ከግድግዳው ወደ ጎን የወጣ ትንሽ ታፔላ ግን ከሃያ ሰላሳ ሜትር ጀምሮ ፊቱ ላይ ነው። እንደዛ ለመስቀል ከማዘጋጃ ቤት የሚፈቀደውን ጠይቁ፣ በተለይ ኮሪደር ልማት ባለፈበት መንገድ ላይ ደንቡ ጠበቅ ይላል።

6. የጠዋት ዳርና የማታ ዳር

አንድ መንገድ ሁለት ዳር አለው፣ ሁለቱ ዳር ደሞ አንድ አይነት ገበያ አይደለም። እኛ ሀገር መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው፣ ታክሲና ባጃጅም የሚያወርደው በቀኝ ዳር ነው። አባይ ማዶ የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ሲገባ በአንዱ ዳር ይወርዳል፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሌላኛው። ማታ የሚያወርደው ዳር ላይ ያለው ሰው ስራ ጨርሷል፣ ለቤቱ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ የልጅ ደብተር እያሰበ ነው። ጠዋት የሚያወርደው ዳር ላይ ያለው ሰዓት እያየ ነው፣ ቁርስ በእጁ፣ ካርድ፣ ማስቲካ፣ ፎቶኮፒ ብትሸጡለት እንጂ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ይዞ ቢሮ አይገባም። አትክልት ቤት ጠዋት ዳር ላይ ተከፍቶ "ሰው ያልፋል ግን አይገዛም" ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። አስፋልቱን ተሻግሮ ይመጣል ብላችሁ አታስቡ፣ ደክሞት ማታ ላይ ለሽንኩርት ብሎ ዜብራ ፈልጎ የሚሻገር ጥቂት ነው።

ሀይቅ ዳርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ማሪን (የጀልባው መነሻ) አካባቢ ጠዋት ወደ ዘጌ ጀልባ ሊይዝ የሚመጣ ሰው ይጣደፋል፣ ውሃና ብስኩት ካልሆነ አያቆመውም። ከሰዓት ሲመለስ ግን ፀሀይ መቶታል፣ ጠምቶታል፣ የሚያጣድፈውም ነገር የለም። ያው ሰው ነው፣ ያው በር ነው፣ በአቅጣጫው ብቻ ሌላ ደንበኛ ሆነ። ስለዚህ ደረጃ 4 ላይ ሁለት አምድ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ድምሩን ብቻ ብትይዙ ይሄ ሁሉ ይጠፋል።

መንገድ ሲቀየርም እንደገና መቁጠር ነው። አዲሱ 380 ሜትር የሚረዝመው የአባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም ሲከፈት ለእግረኛና ለብስክሌትም ሰፊ ቦታ ይዞ ነው የመጣው። ወደ ድልድዩ በሚወስዱት መንገዶች ላይ "ይሄ ቤት ድሮ ጥሩ ይሰራ ነበር" የሚል የቆየ ወሬ ይዛችሁ እንዳትፈርሙ፣ ድሮ እግሩ በሌላ በኩል ነበር።

7. ከባጃጅ የወረደው ሰው ምን ያደርጋል

አንድ ግማሽ ሰዓት ሰጥታችሁ ይሄን ብቻ እዩ። ባጃጅ ይቆማል። ሰውየው ከመውረዱ በፊት ወይ እንደወረደ ብር ያወጣል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱን እያጣጠፈ ኪሱ ይከታል፣ ስልኩን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዛ ነው ቀና ብሎ ዙሪያውን የሚያየው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሁለት ሶስት እርምጃ ሄዷል። ቀና ሲል የመጀመሪያ የሚያየው ነገር የትኛው ሱቅ ነው? ባጃጁ የሚቆምበት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ አይደለም ብዙ ጊዜ፣ እሱ በባጃጁ ራሱ ይጋረዳል፣ ተራ ጠባቂዎቹም በሩ ላይ ይቆማሉ። ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ ሰውየው እጁ ነጻ ሆኖ ቀና የሚልበት በር ነው ጥሩው። ያንን ቦታ በካርታችሁ ላይ በኤክስ ምልክት አድርጉ። አስር አስራ አምስት ሰው ካያችሁ ኤክሶቹ አንድ ቦታ መሰብሰብ ይጀምራሉ።

ሻይ ቡና ጥላ ስር የቆመ ሰው፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ የቆመ ሰው፣ ስልክ የሚያወራ ሰውም እንደዚሁ በኤክስ ይያዝ። ዋይት ኒውዮርክ ላይ ካያቸው ነገሮች አንዱ ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ዳር ይዘው ሳይሆን መንገዱ መሀል፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ መሆኑን ነው። እዚህም ታዩታላችሁ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ተጠያይቆ እስኪያበቃ ሰው አልፎ አልፎት ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ያለ ሱቅ ውድ የሚሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥላም መዘንጋት የለበትም። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ መንገድ ላይ ጠዋት ጥላው በምስራቁ ዳር ነው፣ ከሰዓት በምዕራቡ ዳር። 9 ሰዓት ላይ ሰው ወደ ጥላው ዳር ሲሻገር በአይናችሁ ታዩታላችሁ። የኛ ዘንባባ ለመልክ ያምራል እንጂ ጥላው ቀጭን ነው፣ ሰው የሚሰበሰበው ቅጠሉ ሰፋ ካለ ዛፍና ከበረንዳ ስር ነው።

8. ካለፈው ስንቱ አየ፣ ስንቱ ቆመ፣ ስንቱ ገባ

ይሄ ለተዘጋ ሱቅ አይሰራም፣ ስለዚህ ጎረቤት ያለና የናንተን የሚመስል ሱቅ ፊት ለፊት ቆማችሁ ነው የምትሰሩት። አራት አምድ፣ አለፈ፣ አንገቱን አዞረ፣ ቆመ፣ ገባ። ፌስታል ይዞ ከወጣ ደሞ አምስተኛ። ከመቶ ሰው ሃያው አይቶ ሁለቱ ብቻ ከገቡ ችግሩ በሩ ላይ ነው፣ ደረጃው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ጨልሞ አይታይ ይሆናል፣ በሩን ሰው ዘግቶት ይሆናል። ከመቶ ሁለቱ ብቻ አንገቱን ካዞረ ግን ችግሩ ገና ከውጭ ነው፣ አይታይም። ሁለቱ መፍትሄያቸው ለየቅል ነው።

9. ቦታው ላይ የሚውሉትን ጠይቁ

ሊስትሮው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው ልጅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ቆሎ የያዙት እናት። እነሱ ቦታ የመረጡት በእለት ገቢያቸው ነው፣ ቦታው ካልሰራ ማግስቱን ይነሳሉ፣ ስለዚህ ቆመው የቀሩበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው። መጀመሪያ ቡናችሁን ጠጡ፣ ከዛ "እህቴ፣ ስራ ሚበዛልሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?" በሏት። ቁጥር አትነግራችሁም፣ "ቢሮ ሲለቀቅ" ወይ "ሆስፒታል ጠያቂ ሲወጣ" ትላችኋለች፣ ያ ከቁጥር በላይ ነው፣ ምክንያቱን ነው የነገረቻችሁ። "በዝናብስ?" ብላችሁ ጨምሩ። ቆሎ የሚሸጡትን እናት "እማማ፣ ከዚህ በፊት የት ጋ ነበር ሚቀመጡት? ለምን ተነሱ?" በሏቸው። ከዛኛው ቦታ ለምን እንደተነሱ የሚነግሯችሁ ነገር የአንድ ሙሉ ቀን ቁጠራ ያስቀርላችኋል።

የቡና ሂሳቡን ደሞ ክፈሉ፣ ጊዜያቸውን ነው የወሰዳችሁት።

10. ሳትቆሙ በፊት አሳውቁ

ደብተር ይዞ ስልክ እያየ መንገድ ላይ ለሰዓታት የሚቆም ሰው በዚህ ጊዜ ያጠራጥራል፣ እውነትም ያጠራጥራል። ባለሱቁን፣ ጥበቃውን፣ ባጃጅ ተራ አስከባሪውን ቀድማችሁ "ሱቅ ልከራይ ነው፣ የሚያልፈውን ሰው እየቆጠርኩ ነው" በሏቸው፣ ወረቀቱንም አሳዩአቸው፣ ጭረት ብቻ ነው ያለበት። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ከሆነ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ቀበሌም አሳውቁ። ቪዲዮና ፎቶ አታንሱ። ድልድይ፣ መስሪያ ቤት፣ የጸጥታ ሰዎች ባሉበት ስልክ ከፍ ማድረግ ጣጣ ነው፣ ከዛ ውጭ ደሞ ሰው ሳይፈቅድ ፊቱን መቅረጽ ትክክል አይደለም። ስም፣ ታርጋ፣ ማንነት የሚለይ ነገር አትጻፉ። ሰው ለብቻው እየተከታተሉ የት እንደገባ ማየትም ይቅር፣ በተለይ ሴት ልጅ ኋላዋ የሚከተላት ሰው ካየች ትፈራለች፣ ባላችሁበት ቆማችሁ በአይን እስከሚታያችሁ ድረስ ብቻ መስመር ሳሉ።

11. ሀይቅ ዳር ለመቀመጫና ለካፌ

እዚህ ጋ መስመር መቁጠር ብቻውን አይበቃም፣ ሰው የሚመጣው ለማለፍ ሳይሆን ለመቆየት ነው። በየሰዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ተራመዱ፣ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ነጥብ፣ የቆመ ሁሉ ኤክስ፣ በዛች ቅጽበት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ። አትመለሱ፣ አታርሙ። በቀኑ መጨረሻ ወረቀቶቹን ደርባችሁ መስኮት ላይ ለጥፋችሁ እዩአቸው፣ የጠቆረው ቦታ ወንበር የሚያስፈልገው ቦታ ነው። ወንበር ተተክሎ ነጥብ የሌለበት ቦታ ካለ ቁጭ በሉበትና ምክንያቱን ፈልጉ፣ ወይ ፀሀይ ነው፣ ወይ ጀርባው ለመንገድ ክፍት ነው፣ ወይ ሀይቁ አይታይም፣ ወይ ሽታ አለ። ጀርባው በዛፍ ወይ በግንብ የተከለለ፣ ፊቱ ለውሃውና ለሚያልፈው ሰው የሆነ ወንበር መጀመሪያ ይያዛል።

ከሰዓት በኋላ ከሀይቁ የሚነሳው ንፋስም ሰው ያንቀሳቅሳል። ካፌ ከሆነ የትኛው ጠረጴዛ መጀመሪያ እንደሚሞላ፣ የትኛው በመጨረሻ እንደሆነና አንድ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ያዙ። ፀሀይ ስትጠልቅ ለማየት 12 ሰዓት አካባቢ የሚመጣ ሰው በአንድ ማኪያቶ ብዙ ይቆያል፣ ያ ክፋት የለውም፣ ተይዞ የሚታይ ጠረጴዛ ሌላውን ይጠራል። ግን ወንበራችሁ አስራ ሁለት ብቻ ከሆነ ገቢያችሁን ስታሰሉ እንዳትረሱት።

12. ስሌቱ

ለምሳሌ እንበል። ኪራይ በወር 15,000 ብር ነው፣ ከአንድ ገዢ በአማካይ የተጣራ 20 ብር ታተርፋላችሁ። ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን 750 ገዢ፣ በ26 የስራ ቀን ሲካፈል በቀን 29 ገዢ ያስፈልጋል። ጎረቤት ሱቅ ላይ ከመቶ አላፊ አንዱ ከገዛ በቀን 2,900 ሰው በዛ በር ማለፍ አለበት። የየሰዓቱን ግምት ደምራችሁ 1,200 ካመጣችሁ ወይ ኪራዩ ይውረድ፣ ወይ የምትሸጡት ነገር ይቀየር፣ ወይ ቦታው ይቅር። ወረቀቱን ይዛችሁ ከአከራይ ጋ ስትደራደሩ "ውድ ነው" ከማለት "ማክሰኞ ይሄን ያህል ሰው ነው የሚያልፈው" ማለት ሌላ አቅም አለው።

ሰው ሲበዛም ገደብ አለው። ጆን ፍሩይን የሚባል አሜሪካዊ መሀንዲስ በ1971 (እ.ኤ.አ) እንዳስቀመጠው በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ እስከ 23 ሰው ካለፈ ሰው እንደልቡ ይራመዳል፣ ከ33 ሲያልፍ በፈለገው ፍጥነት መሄድና ሌላውን መቅደም ይከብደዋል። ደረጃ 2 ላይ የለካችሁትን የእውነት ስፋት የምትጠቀሙበት እዚህ ጋ ነው። በራችሁ ፊት አንድ ሜትር ብቻ ቀርቶ በደቂቃ አርባ ሰው የሚያልፍበት ከሆነ ማንም ቆሞ እቃ አያይም፣ ከኋላው ይገፋዋል።

13. ከተከፈተ በኋላ

በሩን አልፎ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት እርምጃዎች አይኑን ከብርሃኑ ጋ እያለማመደ ነው፣ አንደርሂል ደጋግሞ ያነሳው ነገር ነው ይሄ፣ እዛች ቦታ ላይ የምታስቀምጡት እቃ ብዙም አይታይም። ውዱን እቃ ትንሽ ወደ ውስጥ አድርጉት። ጁስ ቤትና ዳቦ ቤት ደሞ ካሸሩ በሩ ላይ ከሆነ ወረፋው በሩን ይዘጋል፣ ከውጭ ያለው "ሞልቷል" ብሎ ያልፋል፣ ውስጡ ግን ባዶ ወንበር አለ። ካሸሩን ወደ ጥግ ብትወስዱት ወረፋው በግድግዳው ይሄዳል። ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚመረጥ እቃ አታስቀምጡ፣ ሰው ከኋላው ሲነካካው ሳይመርጥ ይወጣል፣ ሴቶች በተለይ።

የወለሉን ስዕል ሰርታችሁ ባንኮኒ ውስጥ ሆናችሁ የሚገባውን ሰው መንገድ በእርሳስ ሳሉ። ማንም ያልረገጠው ጥግ ከመጣ የሚፈለግ ነገር (ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና) እዛ ውሰዱት። ለውጥ ስታደርጉ ግን አንድ በአንድ፣ ዛሬ ታፔላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካሸር፣ አብራችሁ ከቀየራችሁት የትኛው እንደሰራ አታውቁም። ከመከራየታችሁ በፊት በቆጠራችሁበት በዛው ሰዓት፣ በዛው የሳምንት ቀን ድጋሚ ቁጠሩና ከድሮው ወረቀት ጋ አስተያዩት፣ የሚያልፈው ሰው ቁጥር ያው ሆኖ የሚገባው ከጨመረ የቀየራችሁት ነገር ሰርቷል ማለት ነው፣ ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ግን ገበያው ነው የተቀየረው እንጂ ታፔላው ላይሆን ይችላል።